ከድንጋዩ ላይ የተፋቀው ስም

ከንቲባው “ቱዜ፣ አልቤር!” ብለው ጠሩ።

ሃያ ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ድምፅ፣ “ለፈረንሳይ የሞተ!” ብለው መለሱ።

ከንቲባው የሚቀጥለውን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ወረቀታቸውን ዝቅ አድርገው ድንጋዩን አተኩረው አዩ። ከአልቤር ቱዜ ስም ሥር፣ ፊደል ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ተፍቆ የነጣ መስመር ብቻ ነበር። ከልጆቹ አንዷ፣ የተለማመደችውን ላለማበላሸት ይሁን፣ ስሙ ሳይጠራ ብቻዋን “ለፈረንሳይ የሞተ!” አለች። የሳቀ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በኖቬምበር 11 ቀን 1974፣ የጦርነት ሙታን በሚታሰቡበት በዓል፣ ላርድሬ በምትባል የድንጋይ ፈላጮች መንደር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የዚያኑ ዕለት ጎህ ሲቀድ የአደባባዩ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ፕሮስፔር ላንዶ፣ በሐውልቱ ደረጃ ሥር ወድቆ ተገኝቶ ነበር። ራሱ ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጭቶ ተፈንክቷል። ያገኘው ዳቦ ጋጋሪ “ውርጭ ነው፤ አዳልጦት ነው” አለ፤ ሁሉም አመነው። አምቡላንስ ወደ አንዤ ከተማ ሆስፒታል ወሰደው፤ በዓሉም በሰዓቱ ቀጠለ። የሁለተኛው ጦርነት ሙታን ስም የተጻፈው ከሐውልቱ በስተጀርባ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በዞረው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ከንቲባው ተራውን ቆጥረው እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ዞሮ ያየ ሰው የለም። ስሙ ተፍቆ ሲገኝ ግን የሽማግሌው መውደቅ ሌላ ትርጉም ያዘ።

እኔ በአንዤ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነበርኩ፤ ስሜ ጋሬል ነው። ስደርስ ባልደረባዬ ፔሪሶ ተጠርጣሪውን ይዞ፣ ሲጋራውን አቀጣጥሎ ጠበቀኝ።

“በዓልህን በከንቱ አበላሹብህ፣ አለቃ” አለኝ። “ጉዳዩ አልቋል። ሉሲየን ቱዜ ይባላል። ድንጋይ ፈላጭ፣ ኮሚኒስት፣ አፈኛ። ትናንት ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ‘ነገ ያ ስም ባይጠራ ይሻላል’ ብሏል። መሮና መዶሻው ቦርሳው ውስጥ ነው። ጠዋት የት እንደነበረ ስጠይቀው ‘አይመለከትህም’ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?”

“የተፋቀው የማን ስም ነው?”

“የጌቶቹ ልጅ። አንጌራን ደ ቫልሬዝ።”

“ሽማግሌውስ?”

“አልነቃም። ካልነቃ ደግሞ የድንጋይ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።”

ከንቲባውን በጽሕፈት ቤታቸው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያዞሩ መለሱልኝ። የቫልሬዝ ቤት ድሮ የድንጋይ ማውጫው፣ የካባው፣ ባለቤት ነበር። አባትየው ኮንት፣ የአካባቢው ባላባት፣ በወረራው ዘመን የጀርመን መኮንኖችን በማዕዳቸው ያስቀምጡ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው እስር ቤት ሞቱ። ትልቁ ልጅ አንጌራን ግን በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት በነሐሴ፣ መንገድ ላይ በጀርመኖች ጥይት ወደቀ ተባለ፤ ስሙም ድንጋዩ ላይ ተጻፈ። አሁን ከቤቱ የቀሩት ታናሹ ብቻ ናቸው፤ ጠበቃው ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ፉልክ።

“‘ተባለ’ ሲሉ?” አልኩ።

“ወረቀት አለው። ማኅተም አለው።”

“እኔ የጠየቅኩት ስለ ማኅተሙ አይደለም። ሰው ምን ይላል?”

“እዚህ ሰው ድንጋይ ይፈልጣል እንጂ ምን ይላል፣ ኢንስፔክተር?” ባርኔጣቸው አንድ ዙር ዞረ። “እንጀራችን ከእነሱ እጅ ነበር። ‘ለፈረንሳይ የሞተ’ በሉ ሲባል አልን። ዘንድሮ መልሱን ለልጆቹ የሰጠነው የሽማግሌዎቹ ድምፅ ስለ ደከመ ነው።”

“የደከመው ድምፃቸው ነው?”

ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በዓሉ ላይ የጎደለ ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። “ማንም” አሉ። “ሙሴ ፉልክም ነበሩ። ስሙ ሲጠፋ እጃቸውን ጨብጬ ያጽናናኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጨበጣቸው።”

ሉሲየን ቱዜን አንዤ በሚገኘው ቢሯችን አነጋገርኩት። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሲተነፍስ ያልተቀባ ማጠፊያ ያለው በር የሚከፈት ይመስላል፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባውን በልቶታል። ያየው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ፣ “ይህን ሰው ለአንድ ክረምት እስር ቤት እርጥበት ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ሁለተኛውን አያየውም” ብሎኝ ነበር።

“ተቀመጥ፣ ሉሲየን።”

“ተቀምጬ ነው የዋልኩት፤ ቂጤ ደነዘዘ።”

“ጠዋት ከአስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር?”

“ስተነፍስ። ለአንተ ቀላል ነው፤ ለእኔ የሙሉ ቀን ሥራ ነው።”

የድንጋዩን ፎቶግራፍ አሳየሁት። አይቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅኩት።

“ይኼን የሠራው ሰው ድንጋይ አያውቅም” አለ። “በአናጢ መሮ ነው የቧጠጠው። ይህ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ነው፤ ቅጠል በቅጠል ላይ። እኔ ብሆን ከጠርዙ አስገብቼ አንድ ጊዜ ጠቅ ባደርገው ገጹ ሙሉውን ይነሳ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አላደረግከውም?”

“አልቤር አብሮ ይነሳላ!” ጠረጴዛውን መታ። “ወንድሜ እኮ ነው ከላዩ ያለው። በፊደል ተራ ነው የጻፏቸው፤ ቱዜ፣ ቀጥሎ ቫልሬዝ። አጎራበቷቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን የያዘኝ ምን መሰለህ? የመንግሥት ፍርሃት?”

“ወንድምህን ማን ወሰደው?”

“ሚሊሶቹ። ለጀርመን ያደሩት ባንዳዎች። ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ነበር። እናቴ ግን በሩን የደበደበውን ሰውዬ ድምፅ ታውቀው ነበር። በቫልሬዝ ቤት ልጅ ሆኖ ልብሱን ስታጥብለት ነው ያደገው። ማስረጃ አለህ ወይ በለኛ፣ ጌታው። የለኝም። ድምፅ ነው።”

ፎቶግራፉን እንደገና አየሁት። የተፋቀው መስመር ከላይም ከታችም እንደ ጨርቅ ጥልፍ ተለክቶ ነበር። ከአልቤር ስም አንዲት ፊደል እንኳ አልተጫረችም። የጠላ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም፤ የጠላ ሰው ይመታል።

ደግሞም በሉሲየን ግራ እጅጌ ላይ አንድ ነጭ የሰም ጠብታ አይቼ ነበር። እኔ በየእሑዱ የማያት ጠብታ ናት። ፔሪሶ ቡና ሊያመጣ እስኪወጣ ጠብቄ፣ “ቤተ ክርስቲያን ነበርክ” አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ሳይኖር ወደ በሩ ዞሮ አየ።

“ዝም በል እባክህ!”

“ሻማ ለአልቤር?”

“እናቴ ስትሞት አስምላኝ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ። ቄሱ በጓሮ በር ያስገቡኛል፤ ሰው ሳይነሳ ገብቼ ሰው ሳይነሳ እወጣለሁ። ዘንድሮ አምቡላንስ መጣና ውጪው በሰው ተሞላ፤ እስከ ሁለት ሰዓት የካህናቱ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደበቅኩ።”

“ይህን ብትናገር እኮ አሁኑኑ ትወጣለህ።”

“የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነኝ፣ ሰውዬ! ሃያ ዓመት ሙሉ ‘ካህናት የጌቶች አሽከር ናቸው’ እያልኩ ስጮህ ኖሬ፣ ‘ሉሲየን በካህናት ልብስ መሃል ተወሽቆ ተገኘ’ ይበሉ? ብትጽፈው አልፈርምም። ብታነበው እክዳለሁ።”

ላርድሬ ተመልሼ ቄሱን ጠየቅኳቸው። “ቃል ሰጥቼዋለሁ” አሉኝ። “እሱ ካልፈቀደ እኔም አልፈርምም። አንተ ግን ያመንከውን እመን፣ ልጄ።” አመንኩ። እምነቴን ግን ለዐቃቤ ሕጉ ማቅረብ አልችልም። ጥፋተኛውን ካላገኘሁ ሉሲየን በማግስቱ ከሰዓት ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ እስር ቤት ይሄዳል።

አንዤ ስመለስ በቢሯችን ኮሪደር የእንጨት አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተቀምጠው አገኘሁ። ክርናቸው ላይ ቆዳ የተለጠፈበት አሮጌ ካፖርት፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ አሮጌ ጫማ። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ፉልክ ደ ቫልሬዝ ነበሩ። ለድንጋይ ካባ ሠራተኞች ያለ ክፍያ ጥብቅና በመቆም በአውራጃው የታወቁ ናቸው፤ በደግነታቸው የማይምል ድሃ አልነበረም።

“የሙሴ ቱዜ ጠበቃ ነኝ” አሉ።

“እሱ ያውቃል?”

“ገና ነው።”

በዚያ ዘመን ጠበቃ በፖሊስ የተያዘ ሰው ዘንድ አይገባም ነበር። ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። “እዚሁ እጠብቃለሁ” አሉ።

“የተፋቀው የወንድምዎ ስም ነው። ተበዳዩ እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“እኔ ተበዳይ አይደለሁም” አሉ። በዚያ ሰዓት ትሕትና መሰለኝ።

ለሉሲየን ስነግረው፣ “ከዚያ ቤት ውሃም አልጠጣ” አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ “ያለ ክፍያ ነው?” ሲል ጠየቀ።

“ያለ ክፍያ።”

“እሱ ነው የሚያናድደኝ።”

በማግስቱ ጠዋት ፔሪሶ ዳቦውን ቡናው ውስጥ እየነከረ የአውራጃውን ጋዜጣ ያነባል። “በዓሉን ተመልከት” አለ። “ስለተፋቀው ስም አንድ መስመር የለም። ፎቶ አንሺው አራት መንደር ስላለበት ገና ሳይጀመር አንስቶ እብስ ብሏል።”

ጋዜጣውን ወሰድኩት። በላርድሬ የሟች ቤተሰቦች በበዓሉ ቀን በፊተኛው ረድፍ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበሩ የራሱ ቦታ አለው። የታመመ ቢኖር ቦታው ክፍት ይቀመጣል እንጂ ጎረቤት ጠጋ ብሎ አይሞላውም፤ ነውር ነው። በፎቶግራፉ ላይ ረድፉ ሙሉ ነበር። በግራ ጫፍ፣ ሉሲየን ቱዜ ኮፍያውን እንደ ደፋ ከቆመበት ቀጥሎ ብቻ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ አንድ ክፍት ቦታ ይታያል።

ማጉያ መነጽር አመጣሁ። ሙሴ ፉልክ ቀርተው አይደለም፤ ዘግይተውም አይደለም። ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ጋዜጣውን ይዤ ወጣሁና አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጣቴን ክፍት ቦታው ላይ አደረግኩ።

“ይህ የማን ቦታ ነው?”

ጎንበስ ብለው አዩት። “የእኔ።”

“ሃያ ስድስት ዓመት የቆሙበት። ይህ ፎቶ ሲነሳ በዓሉ አልተጀመረም፤ ስሙ እንደሌለ ከንቲባው እንኳ አያውቁም። እርስዎ ግን ከዛፉ ሥር ነዎት።”

“ስሙ ከሌለ ቦታው አይገባኝም” አሉ፣ በዝግታ። “አስቤበት አይደለም። እግሬ ራሱ ወደ ኋላ ወሰደኝ።”

ጋዜጣውን አጠፍኩ። ሰው እንዲህ ሲጀምር ማቋረጥ እንደማይገባ ከሥራው ተምሬአለሁ።

“ወንድሜ የሞተው የሚሊስ ጃኬት ለብሶ ነው። የገደሉትም ጀርመኖች አይደሉም፤ አርበኞቹ ናቸው፤ ደግ አደረጉ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት ጥብቅና ስጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እናቴ ነበሩ። ‘አባትህን ማዳን አልቻልንም፤ አንጌራንን አድንልኝ’ አሉኝ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ ምስክር አደራጀሁ፣ ማኅተሙን አስመታሁ። ከዚያ ወዲህ እንደሱ አሳምሬ የጻፍኩት የለም፣ ኢንስፔክተር። ከዚያ ስም ሥር ሁላችንም ተጠለልን። ደንበኛ አገኘሁ፤ ‘የሰማዕቱ ወንድም’ ተባልኩ።”

“ለምን ዘንድሮ?”

“ሽማግሌዎቹ ሲመልሱ እያወቁ ነበር የሚዋሹልን። እንደ ምጽዋት ነበር የምቀበለው። ዘንድሮ ልጆቹ ሊመልሱ ነው ተባለ። እነሱ አምነው ነው የሚሉት።” ባርኔጣቸውን ጨበጡ። “ከአልቤር ቱዜ ስም ሥር ተንበርክኬ ለአንድ ሰዓት ያህል ፋቅኩ። የእሱን ላለመንካት ነበር ጭንቀቴ።”

“ፕሮስፔርስ?”

“ቅጠል ሊጠርግ መጣ። ‘ሙሴ ፉልክ!’ አለና ወደ ኋላ ተራመደ፤ ደረጃውን ረሳው። አልነካሁትም። ግን ሞቷል ብዬ ሮጥኩ። እቤታችን ሲያገለግል ያረጀ ሰው ነው። በውርጭ ላይ ትቼው፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ሮጥኩ።” ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አዩ። “አደባባዩ ላይ ልናገር ነበር። ከንቲባው ዝም ሲሉ አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ መጥቶ እጄን ጨበጠ። ዘጋሁት።”

“ከዚያ ሉሲየን ታሰረ።”

“ማስረጃ የላችሁበትም። በሕግ አስፈታዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ በወረቀት አስተካክለዋለሁ ብዬ…” ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። “ልክ እንደ አርባ ስምንቱ።”

በዚህ መሃል ፔሪሶ ከቢሮው አንገቱን አወጣ። “አለቃ፣ ከሆስፒታል ተደውሏል። ሽማግሌው ነቅቷል። ‘አዳልጦኝ ነው፤ ማንንም አላየሁም’ ይላል። ከነፍስ ጉዳይ ወጣን፤ ሉሲየንን በድንጋዩ ብቻ እናቀርበዋለን።”

ሙሴ ፉልክ ባርኔጣቸውን አወረዱ። እኔ ገና አንዲት ቃል አልጻፍኩም ነበር፤ ይህንንም ያውቃሉ። ከዚያ አግዳሚ ተነስተው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ፣ የሚመሰክርባቸው ፍጡር የለም። ሉሲየንን ግን፣ በድንጋዩ ብቻ ቢታሰርም፣ የእስር ቤቱ ክረምት ይጨርሰው ነበር።

“ወደ ፕሮስፔር ይውሰዱኝ” አሉ።

ሽማግሌው ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አገጩ ድረስ ተሸፍኖ ተኝቷል። ጠበቃውን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

“ተኛ፣ ፕሮስፔር።”

“ምነው ደከሙ፣ ሙሴ ፉልክ? ምንም አልሆንኩም። ለፖሊሶቹ ነግሬአቸዋለሁ። ውርጭ ነው። ማንም አልነበረም።”

“አይተኸኛል፣ ፕሮስፔር።”

“እኔ? በጨለማ? ዓይኔ እኮ…”

“ስሜን ጠርተኸኛል።”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። “ኢንስፔክተር፣ ሙሴ ፉልክ አዝነው ነው። አይስሟቸው። የወንድማቸው ስም…”

“ስለ ወንድሜም እናገራለሁ” አሉ ሙሴ ፉልክ። “በጋሪ ያመጣኸው አንተ ነህ። ጃኬቱን ያወለቅክለት፣ ያጠብከው፣ ሙሽራ የሚለብሰውን ሸሚዝ ያለበስከው። ሁሉን ነግሬአቸዋለሁ።”

ፕሮስፔር ዓይኑን ጨፈነ።

“ለማዳም፣ ለእናትዎ፣ ምያለሁ” አለ በመጨረሻ። “በመስቀሉ ላይ እጄን አድርገው፣ ‘ያየኸው ነገር የለም’ አሉኝ። ‘የለም፣ ማዳም’ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር የለም። በየዓመቱ ያን ድንጋይ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ የቱዜን ልጅ ስም ስወለውል ፊቴን አዞራለሁ።” እጆቹን ከብርድ ልብሱ አወጣ፤ ያበጡ፣ የተሰነጣጠቁ እጆች ናቸው። “እርስዎስ ስሙን ፋቁት። እኔ ያጠብኩበትን እጅ የት ላድርሰው?”

ሙሴ ፉልክ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እነዚያን እጆች ያዙ።

ፕሮስፔር ነው የጀመረው። “ይጻፉ፣ ኢንስፔክተር” አለ። “አይቻለሁ ብለው ይጻፉ። ከአርባ አራት ይጀምሩ።”

ጻፍኩ። ሲጨርስ በመስቀለኛ ምልክት ሳይሆን ስሙን በሙሉ ጽፎ ፈረመ። ቀጥለው ሙሴ ፉልክ ፈረሙ፤ የተደረደሩትን የማዕረግ ስሞቻቸውን ሁሉ ትተው፣ ፉልክ ብለው ብቻ።

ከነርሶቹ ክፍል ለፔሪሶ ደወልኩ። “ሉሲየንን ልቀቀው” አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሉሲየን ሲነግረው ሰማሁ። የተራገመ አልነበረም። ሳል ሰማሁ፤ ከዚያ ሉሲየን ስልኩን ተቀበለው።

“ሰውዬው?” አለኝ። “አግዳሚው ላይ የነበረው?”

“እሳቸው።”

“ወደ ሽንት ቤት በወሰዱኝ ቁጥር እኮ ብድግ ይልልኝ ነበር” አለ። ትንፋሹ ሲጥ አለ። “ባርኔጣውን ይዞ፣ አልፌ እስክሄድ ድረስ ቆሞ። እኔ ደግሞ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ።”